አጎቴ ያልነዳው አውቶቡስ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ስለ ላም ጥቅም አንድ ገጽ ጽፌ ነበር፤ መምህራችን «ላሟ ጥሩ ናት፣ አንቺ ግን የት አለሽ?» ብለው መለሱልኝ። ምን ለማለት እንደፈለጉ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር በእናቴ ሻይ ቤት በር ላይ የተለጠፈው «ሻይ አለ» የሚለው ብቻ ነው።

ከለንደን ከተመለስኩ ጀምሮ ግን የሰፈራችን ሴቶች በተገናኘን ቁጥር «እስቲ ንገሪን» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሰው ሲበዛ ድምፄ ይጠፋል። ስለዚህ ጽፌ ልስጣችሁና ከመካከላችሁ ደፋር የሆነችው ታንብበው። ሲነበብ እኔ ጓዳ ነኝ።

የእናቴ ወንድም ተካልኝ ለንደን የሄደው እኔ ሳልወለድ ነው። እዚያ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ቴኒስ ያሠለጥናል። ቴኒስ ማለት እጀታ ያለው ወንፊት በሚመስል፣ ራኬት በሚሉት ነገር ትንሽ ቢጫ ኳስ በመረብ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚማቱበት ጨዋታ ነው። የሚያሠለጥናቸው ልጆች ብዙ ዋንጫ እንደወሰዱ እናቴ ለአዳማ መናኸሪያ ሁሉ ነግራለች፤ ሻይ ቤታችን የሚመጡት ሹፌሮች ግን እግር ኳስ ካልሆነ አይቆጥሩትም። ዘንድሮ ጡረታ ሊወጣ ስለሆነ ከቤተሰብ አንድ ሰው እንዲመጣለት ጠየቀ። እናቴን ጉልበቷ ከለከላት፤ እኔ ተላክሁ።

እናቴ ስትሸኘኝ ስለ ለንደን ምንም አላነሳችም። «አንድ ነገር ብቻ አይተሽልኝ ነይ» አለችኝ። «ተካልኝ እዚያ ሰው አለው? ቢታመም ውሃ የሚያቀብለው፣ ቢጠፋ የት ሄደ የሚለው አለ? ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። አሁን ደግሞ ሥራውንም ሊተው ነው። ሰው ከሌለው እጁን ይዘሽው ነይ።»

ዓርብ

ቦሌ ድረስ የወሰደኝ የእናቴ ደንበኛ የሆነ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ረዳቱ ሞጆ ላይ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ቦሌ፣ ለንደን፣ አንድ ሰው የቀረው» ብሎ ተጣራ። አንዲት ሴትዮ ለንደን የሚባል አዲስ ሰፈር የተከፈተ መስሏቸው «ዱከም ታወርዱኛላችሁ?» ብለው ገቡ። እኔ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

አውሮፕላኑ ላይ ዳቦ ሰጡኝ፤ የታሸገበትን ላስቲክ መክፈት አቃተኝ። አጠገቤ የተኛውን ሰውዬ ለመቀስቀስ ስላፈርኩ ዳቦውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ለንደን ድረስ ይዤው ሄድኩ።

ቅዳሜ

አጎቴ ኤርፖርት ቆሞ ሲጠብቀኝ በአንድ እጁ ስሜ የተጻፈበት ወረቀት፣ በሌላው የኦቾሎኒ ከረጢት ይዞ ነበር። ረዥም ነው፤ አንገቱ እንደ ቀን ሠራተኛ አንገት በፀሐይ የጠቆረ ነው። ለንደን ውስጥ ያን ያህል ፀሐይ ከየት እንዳገኘ እንጃ። «እንደምን ሰነበቱ» ስለው፦ «አንቱ አትበይኝ፤ ጉልበቴ አንቱ ያለኝ ይበቃል» አለና ሳቀ።

«መኪናህ የት ነው?» አልኩት።

«መኪና የለኝም። መንዳትም አልችልም። አንድ ጊዜ ሞክሬ ሰው አጥር ውስጥ ገባሁ፤ ሰዎቹ ምሳ አብልተው ሸኙኝ፤ ከዚያ ወዲህ ይቅርብኝ ብዬ ተውኩት።»

መጀመሪያ በምድር ውስጥ ባቡር፣ ቀጥሎ በአውቶቡስ ሄድን። አውቶቡሱ ውስጥ ማንም ከማንም ጋር አያወራም። እኛ አገር አንድ ሰው ከአዳማ ተነስቶ ሞጆ ሳይደርስ የልጆችሽን ስምና የሆድ ሕመምሽን ያውቃል። እዚህ አንዱ ሰውዬ እግሬን ረግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እኔም ይቅርታ አልኩት፤ እሱም ደገመ። እስክንወርድ ይቅርታ ስንባባል ቆየን።

ቤቱ ስትሪትሃም ነው፤ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ያለች ሁለት ክፍል። አልጋውን ለእኔ ለቆ ሳሎን ተኛ። ሳሎኑ ዋንጫ ብቻ ነው። እኛ አገር አንድ ዋንጫ ያለው ሰው በመስታወት ቁምሳጥን ቆልፎበት እንግዳ በመጣ ቁጥር ይወለውላል። አጎቴ በአንዱ ዋንጫ ሽንኩርት፣ በሌላው ካልሲ፣ ጆሮ ባለው ረጅሙ ዣንጥላ ይዞበታል። ማታ በበርበሬ የተሠራ መኮሮኒ አበላኝ። ዳቦዬንም እሱ ከፈተልኝ።

እሑድ

አጎቴ የሚሄድበት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ ባለ አዳራሽ ነው የሚሰበሰበው። እንደምታውቁት እኛ ኦርቶዶክስ ነን፤ እሱ እዚያ ከሄደ በኋላ ጴንጤ ሆኗል። ስገባ አማተብኩ፤ ማንም ምንም አላለኝም። አንዲት እናት እንዲያውም ከፊት ወንበር ለቀቁልኝ፤ እኔ የምፈልገው ከኋላ ነበር።

ከሁሉ በፊት የተቀበሉን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ መኩሪያ ናቸው። ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሁለት እጄን ይዘው «እንኳን ደህና መጣሽ፤ የሾፌራችን የእህት ልጅ» አሉኝ። ከሌላ ሰው ጋር ያምታቱኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ሚስታቸው እትዬ ዘነበች ደግሞ ሳሙኝና «አጎትሽ ረጅም መንገድ ሲወጣ እኔ እንቅልፍ የለኝም» አሉኝ። አጎቴን አየሁት። እሱ ጫማውን ያያል።

ከዚያ ጸሎት ሆነ። ጋሽ መኩሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው «ጌታ ሆይ፣ የወንድማችንን የተካልኝን መሪ ያዝ፤ ጎማውን ጠብቅ፤ ፍሬኑን አንተ ሁን» አሉ። አዳራሹ በሙሉ አሜን አለ። አጎቴም አሜን አለ።

በመጨረሻ ማስታወቂያ ተነገረ። «ወንድማችን ሪታየር ሊያደርግ ነው» አሉ ጋሽ መኩሪያ። «እንደ ወትሮው ቅዳሜ ለጉዞ ብራይተን ባህር ዳር እንሄዳለን። በየዓመቱ ተማሪውን እያስነዳ እሱ ዳር ይቀመጣል። ዘንድሮ ግን ተማሪው ይቀመጥና ተካልኝ በገዛ እጁ ይነዳናል። የመጨረሻው ስለሆነ ቪዲዮ እናደርጋለን።» ሰው ተነስቶ አጨበጨበ። አጎቴ አሁንም አሜን አለ።

ስንመለስ አውቶቡስ ላይ ጠየቅኩት። ብዙ ኦቾሎኒ ከበላ በኋላ እንዲህ አለኝ፦

«የመጣሁ ሰሞን ጋሽ መኩሪያ 'ሥራህ ምንድን ነው?' አሉኝ። 'ኮች ነኝ' አልኩ። እኛ አገር ኮች ያው የኳስ አሠልጣኝ ነው። እዚህ ግን አገር አቋራጩንም አውቶቡስ ኮች ነው የሚሉት። እሳቸው ሹፌር፣ እኔ ኮች፤ ደስታቸው ወሰን አጣ። በዚያው እሑድ መድረክ ላይ ወጥተው ተናገሩ። አንድም ሰው የማላውቅ ሰውዬ ነበርኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ ተነስቶ አጨበጨበልኝ።»

«ለምን አላረምክም?»

«በሁለተኛው እሑድ ላርም አልኩ። በሁለተኛው እሑድ ለጎማዬ ጸለዩ።»

በዓመቱ ቤተ ክርስቲያኑ ጉዞ ሊወጣ ሲል «አንተ ንዳን» አሉት። ጀማል የሚባል የወሎ ልጅ የእውነት የኮች ሹፌር ነው፤ አጎቴ እሱን ከነአውቶቡሱ ይዞ ሄደና ከጎኑ ተቀመጠ። ጋሽ መኩሪያ አይተው «ተማሪህ ነው?» አሉ። አጎቴ አልመለሰም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጀማል ተማሪ ሆኖ ቀረ።

«ታዲያ የፊታችን ቅዳሜ?» አልኩት።

«ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ የልጆቼ የፍጻሜ ጨዋታ ነው። የመጨረሻዬ። ከዚያ ኮሌጁ ቁልፉን ይቀበለኛል።» በመስኮት ወደ ውጭ አየ። «ከዚያ በኋላ የሚቀረኝ ያ አዳራሽ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ የሚያውቁት ሾፌሩን ነው። ሾፌሩ ከጠፋ እኔን በምን ያውቁኛል?»

የእናቴ አደራ ትዝ አለኝ።

ሰኞ

ጨው ለመግዛት ወጥቼ ጠፋሁ። ስትሪትሃም ውስጥ ቤቶቹ እንደ መንታ ናቸው። ቁልፌን የማይሆን በር ላይ እያዞርኩ ሳለ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ከውስጥ ከፈቱልኝ። እንግሊዝኛዬ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ተሳስቼ ነው ማለት ስላቃተኝ ፈገግ አልኩ። እሳቸውም ፈገግ ብለው አስገቡኝ። ወተት የገባበት ሻይ ሰጡኝ፤ ለእናቴ ብነግራት ሻዩን አበላሽተውታል ትላለች። አንድም ቃል ሳንነጋገር ብዙ ተቀመጥን። የውሻቸውን ፎቶ አሳዩኝ፤ እኔም የእናቴን ፎቶ አሳየኋቸው። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ቤቴ አደረሱኝ፤ ቀጥሎ ያለው በር ነበር። ጨው ሳልገዛ ቀረሁ።

ማክሰኞ

አጎቴ ኮሌጁን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ኮሪደሩ ላይ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለው የእሱ ፎቶ ነው፤ በየዓመቱ አንድ፣ ፀጉሩ ቀስ በቀስ እየሸበተ ይሄዳል። በየፎቶው ዙሪያውን የከበቡት ልጆች ይለዋወጣሉ፤ እሱ ብቻ በቦታው ነው። የሚያልፍ ሁሉ «ኮች፣ ኮች» ይለዋል። የጽዳት ሠራተኛው እንኳ መጥረጊያውን አቁሞ ጨበጠው።

ሜዳው ላይ ምን ብሎ እንደሚያሠለጥን ለማየት ጓጉቼ ነበር። የአዳማ የኳስ አሠልጣኞች ሲጮሁ ድምፃቸው መናኸሪያ ድረስ ይሰማል። አጎቴ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ ይበላል። አንዷ ልጅ ስትደክም ወይም ስትሳሳት ቀና ብሎ «አይዞሽ» ይላል፤ በቃ። ወዲያው ልጅቷ ጉልበቷን እጥፍ አድርጋ ዝቅ ትላለች።

የቡድኑ መሪ ክሌር የምትባል ቀይ ፀጉር ያላት ልጅ ናት። ኢትዮጵያዊት መሆኔን ስታውቅ ከፊቴ ቆማ «አይዞሽ» አለችኝና ጉልበቷን አጠፈች። እንድደግመው በምልክት ለመነችኝ። እኔም አፍሬ እንዳልቀር «አይዞሽ» ብዬ ጉልበቴን አጠፍኩ። ሁሉም ልጆች አጨበጨቡልኝ።

አጎቴን ጠየቅኩት። «አይዞሽ ማለት ጉልበትሽን እጠፊ ማለት ይመስላቸዋል» አለ። «ድሮ አንዷ ስትደክም አይዞሽ ስላት በአጋጣሚ ጎንበስ አለች፤ ኳሷን አገኘቻት፤ አሸነፈች። ከዚያ ትልቋ ለትንሿ እያስተማረች ይኸው እዚህ ደረሰ። ቴኒስ ደግሞ ግማሹ ጉልበት ማጠፍ ነው።»

«አላረምካቸውም?»

«ዋንጫ እየወሰዱ እኮ ነው።»

ሐሙስ

ጋሽ መኩሪያና እትዬ ዘነበች ዌምብሊ ቤታቸው ለእራት ጠሩን። እትዬ ዘነበች ያቀረቡት ምግብ ለአንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ ይበቃል። በቃኝ ስላቸው «ቼክ ላድርግ» ብለው ሆዴን በእጃቸው ጫን አደረጉና «ገና ነሽ» አሉኝ።

ጋሽ መኩሪያ የወጡት በደርግ ጊዜ ስለሆነ ካውንስሉን አሁንም ቀበሌ ነው የሚሉት። «ለዚህ ቤት አፕላይ ያደረግሁ ጊዜ ቀበሌው ያላጉላላኝ መጉላላት የለም» እያሉ አጫወቱኝ። ከዚያ አዲስ የሹፌር ቆብ ከፌስታል አወጡ። ለቅዳሜ ለአጎቴ የገዙለት ነው። አጎቴ ቆቡን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፤ እንደ ታመመች ድመት ይደባብሰው ጀመር።

እትዬ ዘነበች ጓዳ ወስደውኝ ሌላ ነገር ነገሩኝ። አጎቴ ኩላሊቱን ታሞ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ ባልና ሚስቱ ተራ ገብተው ወንበር ላይ አድረዋል። ቤቱ ሲመለስ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች በየተራ ሾርባ አመላልሰውለታል። «እኛ ልጅ አልሰጠንም። እሱ ግን ወንድምም ልጅም ሆነን» አሉ። «መንገድ ላይ የሚውል ሰው ቤቱ የሚጠብቀው ያስፈልገዋል።»

የእናቴ ጥያቄ ተመለሰ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል፣ ሁሉም የቆመው በሌለ አውቶቡስ ላይ መሆኑን አሰብኩት። ስለዚህ ስንወጣ እኔው እናገራለሁ ብዬ ወሰንኩ። በሩ ላይ ቆሜ «ጋሽ መኩሪያ፣ አጎቴ...» አልኩ።

«እ? አጎትሽ ምን?»

«...ሰላም ብሎዎታል።»

አጎቴ አጠገቤ ቆሟል። ጋሽ መኩሪያ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩና «እኔም ሰላም ብየዋለሁ በይው» አሉ።

ዓርብ

ጀማል ስትሪትሃም መጣ። የሽበት ጢም ያለው ትልቅ ሰው ነው። «በዚህ አገር ጢሙ እስኪሸብት ተለማማጅ የሆነ ሾፌር እኔ ብቻ ነኝ» አለኝ። «እትዬ ዘነበች በየዓመቱ ሳንቡሳ እየሰጡኝ 'በርታ፣ ዘንድሮ ታልፋለህ' ይሉኛል። ሌላ ቀን እኮ አውሮፓን ነው የማቋርጠው።»

መላ ያመጣው እሱ ነው። የአጎቴ ቀኝ ክንድ ይታሰራል። ክንዱ የታሰረ ሰው አይነዳም፤ ጀማል ይነዳል፤ ኮሌጁ በብራይተን መንገድ ላይ ስለሆነ አጎቴን «ሐኪም ጋ» ብሎ እዚያ ያወርደዋል።

«እኔ አልዋሽም» አለ አጎቴ።

«አንተ መቼ ተናግረህ ታውቅና ነው የምትዋሸው?» አለ ጀማል።

በሻርፔ ክንዱን አሠርኩለት። ለመለማመድ ሻይ በግራ እጁ ጠጣ፤ ሸሚዙ ላይ አፈሰሰው።

ቅዳሜ

አውቶቡሱ አዳራሹ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። አጎቴ ክንዱ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ሲመጣ ሰው ሁሉ ከበበው።

«ምን አገኘህ?» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

«እጄ...» አለ አጎቴ። የቀረውን ሌሎቹ ጨረሱለት። አንዱ ተሰብሮ ነው አለ፤ አንዷ ወልቆ ነው አለች፤ እትዬ ዘነበች መሪ ሲጠመዝዝ ነው አሉ።

ጋሽ መኩሪያ ኮታቸውን አውልቀው ለሰው ሰጡ። «እንጸልይ» አሉ። እኔና ጀማል ተያየን። ይህን አላሰብነውም። ሰዎቹ እየተጠጉ እጃቸውን ክንዱ ላይ ጫኑ፤ ያልደረሰው የደረሰውን ሰው ትከሻ ያዘ። እንዲህ ያለ ጸሎት ሰምቼ አላውቅም፤ አላፊ አግዳሚው ቆመ። እትዬ ዘነበች እንባቸው ወረደ። እኔም ክንዱ ደህና መሆኑን እያወቅሁ እንዲድን ጸለይኩ።

«ወንድሜ፣ ዘርጋው» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

አጎቴ አይዋሽም። ዘረጋው። እንደ ራኬት ወዲያና ወዲህ አወዛወዘው። እልልታው መንገዱን ሞላው። ጋሽ መኩሪያ ቆቡን ጭንቅላቱ ላይ አደረጉለትና «በል፣ ውጣና ንዳ» አሉት።

ሰው ሁሉ ተሳፈረ፤ ጀማል ቁልፉን ሰጠው። አጎቴ ወጣና አገር ቤት እንደሚያውቀው ወደ ግራ ሄዶ ከፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። በእጁ መሪ ፈለገ። በዚያ አገር መሪው በቀኝ ነው። ሰው እየሳቀ «ወንድማችን ጡረታውን ከአሁኑ ጀመረው» አለ። ተነስቶ ወደ ቀኝ ሄደ። አንድ ነገር ነካ፤ የዝናብ መጥረጊያው ተነሳ። ሌላ ነካ፤ በሩ ተዘጋ፤ ተከፈተ። ሌላ ሲነካ ሞተሩ ተነሳ። ጀማል በጆሮው «እግርህን... አይ፣ ሌላኛውን» ሲለው እሰማለሁ። ወደ ኋላ አየሁ፤ ሕፃናት፣ አሮጊቶች፣ ቪዲዮ የሚያነሳው ጎረምሳ። እኔ መናኸሪያ ነው ያደግሁት። መንዳት የማይችል ሰው መሪ ሲይዝ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

ተነሳሁ። ጀማል አስጎብኚዎች የሚናገሩበትን ድምፅ ማጉያ ሰጠኝና «አይዞሽ» አለኝ። ጉልበቴን አጠፍኩ።

«አጎቴ መንዳት አይችልም» አልኩ።

ድምፄ ከየወንበሩ በላይ ካለው ስፒከር ሁሉ ወጣ። ከመጸዳጃ ቤቱም ውስጥ ተሰማ። ከዚያ የዝናብ መጥረጊያው ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ዝናብ ግን አልነበረም። አጎቴ ቆቡን አወለቀ። እትዬ ዘነበች በጥፊ እንደመታኋቸው አዩኝ።

ጋሽ መኩሪያ ከወንበራቸው ተነስተው ቀስ ብለው ወደፊት መጡ። የአጎቴን እግር አዩ። መሪውን እንደ ወንፊት በሁለት እጁ የያዘበትን አያያዝ ረጅም ጊዜ አዩ። ፊታቸውን ከማንም በላይ የማየው እኔ ነበርኩ፤ ምን እንዳሰቡ ግን አላውቅም። ማጉያውን ከእጄ ወሰዱ።

«ልጅቷ ትክክል ናት» አሉ። «ሪታየር ያደረገ ሹፌር መንዳት አይችልም። ሕግ ነው። እኔም ከወጣሁ ወዲህ መሪ ነክቼ አላውቅም። በደስታ ብዛት ረስቼው ቀበሌው ጋ ላስከስሳችሁ ነበር።» ከዚያ ወደ ጀማል ዞሩ። «ና ተቀመጥ። ዛሬ ተመርቀሃል።»

ቆቡን ለጀማል ደፉለት። ሰው ቆሞ አጨበጨበለት። ጀማል ዓይኑን ጠረገ፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለየሁትም።

ጋሽ መኩሪያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሌላስ አለ?» አሉኝ።

«ሰባት ሰዓት ላይ የሚጠብቁት ልጆች አሉ። ጨዋታ ነው። የመጨረሻው ነው።»

«የት?»

«መንገዳችን ላይ ነው» አለ ጀማል።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? የተመረቀ ሰው አይደለህም?»

እንዲህ ሆኖ አምሳ የሚሆን ሰው ሳንቡሳውን ይዞ ቴኒስ ሜዳ ገባ። የኮሌጁ ሰዎች ወንበር ለቀቁልን። አጎቴ ሄዶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ኦቾሎኒውን አወጣ።

ያኔ አላወቅሁም እንጂ በዚህ ጨዋታ ዜሮን «ላቭ» ነው የሚሉት፤ ፍቅር ማለት ነው። ዳኛዋ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ሆና «ላቭ» ባለች ቁጥር የእኛ ሰዎች «አሜን» ይላሉ። ዜሮ የሆነችው የክሌር ተጋጣሚ፣ ምስኪን ልጅ ናት፤ በተሸነፈች ቁጥር አምሳ ሰው አሜን ሲልባት ግራ ተጋባች። ዳኛዋ ጸጥታ ጠየቀች። እትዬ ዘነበች «ምን አለች?» አሉ። «ዝም በሉ ነው» ስላቸው «ስለ ፍቅር ራሷ እያነሳች» አሉ።

መጨረሻ ላይ ክሌር ደከመች። ነጥቡ ተቀራረበ፤ እግሯ ከዳት። አጎቴ ቀና ብሎ «አይዞሽ» አላት። እትዬ ዘነበች ይህን ሲሰሙ አልቻሉም፤ ተነስተው «አይዞሽ የኔ ልጅ» አሉ። አምሳው ሰው ተከትሎ «አይዞሽ» አለ። ሜዳ ላይ ያለችው ክሌር፣ ዳር የተቀመጡት ጓደኞቿ፣ ከሩቅ የቆሙት የድሮ ተማሪዎች ሳይቀሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጉልበታቸውን አጠፉ። ተጋጣሚዋ ይህን እያየች የመታችው ኳስ መረብ ላይ ቀረ። አለቀ።

የኮሌጁ ኃላፊ ወጥታ ስለ አጎቴ ንግግር አደረገች። ያልገባኝ ይበዛል፤ «ኮች» የሚለው ግን በየመሐሉ ነበር። «ከእሱ የሚበልጥ ኮች ኮሌጁ አይቶ አያውቅም ነው የምትለው» ብሎ ያ ቪዲዮ የሚያነሳው ጎረምሳ ተረጎመ።

እትዬ ዘነበች ባላቸውን በክርን ነካ አደረጉ። «ለካ የኮሌጁን ኮች ነው የሚነዳው።»

«ምን መሰለሽ ታዲያ» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

ብራይተን የደረስነው ወደ ማታ ነው። የባህሩ ዳር አሸዋ የለውም፤ ለመንገድ ሥራ የተደፋ የሚመስል ጠጠር ነው። ነፋሱ ስላስቸገረን አውቶቡስ ውስጥ ሆነን በመስኮት ባህሩን እያየን በላን። አጎቴ ምግቡን አስቀምጦ «ጋሽ መኩሪያ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት...» አለ።

«ብላ» አሉት።

በላ።

እሑድ

ኤርፖርት የሸኘኝ ጀማል ነው፤ ቆቡን አላወለቀም። ጋሽ መኩሪያና እትዬ ዘነበችም አብረው መጡ። እትዬ ዘነበች ለእናቴ ብለው የሰጡኝ ስንቅ ከሻንጣዬ ይከብዳል። አጎቴን ለብቻው አግኝቼ «እናቴ ሰው ከሌለው እጁን ይዘሽው ነይ ብላኝ ነበር» አልኩት። ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደባበሰና «አየሽ አይደል፣ ስንት ሰው እንደያዘው» አለኝ።

ልገባ ስል ጋሽ መኩሪያ ጠሩኝ። ከሌሎቹ ትንሽ ራቅ አድርገው አቆሙኝ።

«ለእናትሽ ንገሪያት» አሉኝ። «ይህን ሁሉ ዓመት ሲነዳ አንድ ሰው እንኳ ገጭቶ አያውቅም።»